የወታደር ስንቅና የጎባ መንገድ

ባለፈው ሰሞን ሮቤ ከማስተምራቸው የማታ ተማሪዎች አንዱ፣ የሠራዊት አባል ነው፣ ከክፍል ስወጣ ጠብቆ አነጋገረኝ፡፡ «ዶክተር፣ ለሥራ ታዝዤ ስጓዝ ከኪሴ የከፈልኩትን የአውቶቡስ ሒሳብ ከግብሬ ማስቀነስ እችላለሁ?» ሲል ጠየቀኝ፡፡ በእጁ ሰባት የተጣጠፉ ትኬቶች ይዟል፡፡ የታሪክ መምህር እንጂ የግብር ባለሙያ አይደለሁም፤ ሆኖም ሕጉን አገላብጬ መልስ ፈለግሁለት፡፡

መልሱ አጭር ነው፤ አይችልም፡፡ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ተቀጣሪ ገቢውን ለማግኘት ያወጣውን ወጪ ከደመወዙ ላይ አያቀንስለትም፡፡ ከግብር ነጻ የሚሆነው አሠሪው ለሥራ ጉዞ የሚከፍለው አበልና የሚተካው ወጪ ነው፤ ያውም መመሪያ ባስቀመጠው ልክ፡፡ በብሪታንያ በራሱ መኪና ለጊዜያዊ ግዳጅ የሚጓዝ ወታደር፣ መሥሪያ ቤቱ የከፈለው ሕጉ ለአንድ ማይል ከፈቀደው ካነሰ በልዩነቱ ላይ የግብር ቅናሽ ይጠይቃል፡፡ በእኛ ዘንድ መሥሪያ ቤቱ ያልተካው ወጪ ለግብር ሰብሳቢው እንዳልነበረ ይቆጠራል፡፡

ለመሆኑ በአገራችን የወታደርን የመንገድ ወጪ ማን ሲሸፍን ኖረ? ጥያቄው ባሌ ላይ ሲነሣ ከበድ ይላል፡፡

የራስ ዳርጌ ሠራዊት በ1880ዎቹ ዓ.ም. ባሌን ካስገበረ በኋላ ጎባ የጦር ሠፈርና የአስተዳደር ማእከል ሆነች፡፡ በዚያ የሠፈረው ነፍጠኛ ዛሬ እንደምናውቀው ወር ጠብቆ ደመወዝ አይቀበልም ነበር፤ እንደ ማዕረጉ ገባር ይመደብለታል፡፡ ገባሩ እህሉንና ማሩን ያስገባል፣ እንጨቱን ይፈልጣል፣ እህሉን ያስፈጫል፣ ጌታው ሲዘምት ደግሞ ስንቁን ያጓጉዛል፡፡ ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ የመጨረሻው ነው፡፡ የእህል ግብር ቢያንስ በቁና ይሰፈራል፤ የጭነት ግዴታ ግን የሚለካው በመንገዱ ርዝመትና በጌታው ፈቃድ ነው፡፡ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን የሳነቴን አምባ የተሻገረ ሰው ጭነት ይዞ በዚያ ብርድ መውጣት ምን እንደሚጠይቅ ይገባዋል፡፡

ቤተ መንግሥቱ ራሱ የጓዝን ጉዳይ በመሬት ነበር የሚፈታው፡፡ ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» በተሰኘው መጽሐፋቸው ከመዘገቧቸው የመሬት ይዞታዎች አንዱ ግንደበል ነው፡፡ ባለ ግንደበል መሬት የሚይዘው የዘመቻ ድንኳንና ስንቅ በጋማ ከብት ሊጭን ነው፡፡ በዛሬ ቋንቋ የመጓጓዣ አበል ልንለው እንችል ይሆናል፤ ልዩነቱ አበሉ ለሚጓዘው ሳይሆን ለሚጭነው መሰጠቱ ነው፡፡ የባሌው ገባር ግን ስለ ጭነቱ የተሰጠው አዲስ መሬት አልነበረም፡፡ የገዛ መሬቱን ለማረስ ሲል ነበር የሚሸከመው፡፡

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ የቀድሞውን የጉልበት ግዴታ ሽሮ ግብሩን በብር አደረገው፤ በጋሻ ለለም 50፣ ለለም ጠፍ 40፣ ለጠፍ 15 ብር፡፡ በወረቀት ላይ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም፡፡ ነገር ግን ጉልበት የነበረው ዕዳ ገንዘብ ሲሆን፣ ከብት አርቢው የባሌ ሰው ብሩን ከየት እንደሚያመጣ የጠየቀው አልነበረም፡፡ ባሌ በ1952 ዓ.ም. ከሐረርጌ ተለይታ ጎባን ዋና ከተማዋ አድርጋ ጠቅላይ ግዛት ሆነች፤ ሦስት ዓመት ሳይቆይ አመፁ ተነሣ፡፡ ገብሩ ታረቀ በጥናታቸው እንዳሳዩት መሬትና ግብር ከብሔርና ከሃይማኖት በደል ጋር ተጋግዘው የዋቆ ጉቱን ሸማቂዎች እስከ 1962 ዓ.ም. በዱር አቆይተዋል፡፡ ያን አመፅ ለማብረድ የዘመተው ጦር ደመወዝተኛ ነበር፤ ስንቁም በመንግሥት በጀት የሚገዛ፡፡

እነሆ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጌታም ጭሰኛም ቀሩ፡፡ ዛሬ ከጎባ ሮቤ ያለው 14 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ ወታደሩም እንደ ማንኛችንም በሚኒባስ ተጋፍቶ ይሄዳል፡፡ ስንቁን የሚሸከምለት ገባር የለም፡፡ የለም ማለት ግን ወጪው ቀረ ማለት አይደለም፡፡

ለተማሪዬ የነገርኩት ይህን ሁሉ አልነበረም፡፡ «ከመጓዝህ በፊት ትእዛዙን በጽሑፍ ተቀበል፤ ደረሰኝህን ይዘህ መጀመሪያ ሒሳብ ክፍልህን ጠይቅ፤ እነሱ ሲተኩልህ ነው ከግብር ነጻ የሚሆነው» አልኩት፡፡ ትኬቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ለያቸው፡፡ ከሰባቱ ለሦስቱ የጽሑፍ ትእዛዝ አለው፤ አራቱን የተጓዘው በስልክ ታዝዞ ነው፡፡