ኮምቦልቻ ስሟን ከየት አገኘች?

ከአሰብ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ እያቋረጠ፣ ሚሌን አልፎ በባቲ በኩል ወደ ወሎ ይወጣ የነበረ መንገደኛ፣ ከባሕሩ ዳር ሐሩር ተላቅቆ ወደ ለምለም መስክ ይደርስ የነበረው በቦርከና ሸለቆ ነው። በዚያው ሸለቆ፣ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳ፣ ኮምቦልቻ ትገኛለች።

ስለዚች ከተማ ስያሜ ሲወራ፣ ቃሉ ከአስፋልቱ ጋራ የመጣ የጣልያን ቃል ነው የሚል ሰው በሰማሁ ቍጥር ደሜ ይፈላል። የሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ በ1862 ዓ.ም. አሰብን ከገዛ ወዲህ ጣልያን ወደ ደጋው ዓይኑን መጣሉ፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደሴን መያዙ፣ ከዚያም የአሰብን መንገድ መሥራቱ እውነት ነው፤ ኮምቦልቻም በሁለት መንገድ መገናኛነቷ እንደ ሰፋች የሚክድ የለም። ዳሩ ግን ከተማን ማስፋት ሌላ፣ ስም ማውጣት ሌላ። ስሙን ያወጣው ጣልያን ቢሆን ኖሮ፣ የአሰብ መንገድ ከቶ ባልደረሰባቸው በሐረርጌና በሆሮ ጉድሩ የሚገኙት ኮምቦልቻዎች ከወዴት መጡ?

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1875 ዓ.ም. ጅራታም ኮከብ አይተው ደሴን «ደስታዬ» ሲሉ ሰየሟት ስለሚባል፣ ለኮምቦልቻም እንዲሁ ንጉሥ የሚፈልጉላት አሉ፤ ይህ ምስክር የሌለው ምኞት ነውና እናልፈዋለን።

ኮምቦልቻ የዕፅ ስም ነው። በኦሮምኛ ኮምቦልቻ የሚባለው፣ አማርኛው አጣጥ የሚለው ቍጥቋጦ ነው። በቦርከና ዳር ከብት ሲጠብቁ ያደጉ አንድ አዛውንት፣ ክርክሩን ሲሰሙ ቃል ሳይመልሱ ወደ አንድ አጥር ጥግ ወስደው ቅርንጫፉን ጐንበስ አደረጉልኝ፤ ቅጠሉ ጠንካራ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ በጥቃቅኑ የተነከሰ፣ በመካከሉ ረዥም እሾህ የተሰካበት፣ ፍሬው ቀላ ያለ። «ልጄ፣ አባቶቻችን ከብቱን ኮምቦልቻው ጋ አሳድሩት ይሉን ነበር፤ ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ጫካ እንጂ ከተማ አልነበረም» አሉኝ። ዘመኑን ስጠይቃቸው፣ ጣልያን ሳይመጣ፣ አባታቸውም ገና ወጣት ሳሉ ነው ብለው ከዚያ ወደ ኋላ አልሄዱም።

የእኒህን አዛውንት ቃል የምድሩ ጠባይ ያጸናዋል። ከኮምቦልቻ በታች፣ ወደ ከሚሴ ሲወርዱ፣ ውኃ የሚተኛበት የጨፋ ሜዳ አለ፤ በረሃው ሲደርቅና ሣር ሲታጣ የአፋርም የኦሮሞም የአርጎባም አርብቶ አደር ላሙንና ግመሉን እየነዳ ወደዚያ ይመጣል። ለእረኛ የዛፍና የቍጥቋጦ ስም የመንገድ ምልክት፣ የማደሪያም አድራሻ ነው፤ ከብቶቹ የት እንደ ዋሉ ለመናገር ሌላ ምን ስም ይጠራል? ቋንቋውም እንግዳ አይደለም፤ የቀድሞው ጠቅላይ ግዛት ራሱ ወሎ የተባለው ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ በሰፈረው በኦሮሞው ነገድ ስም ነውና።

ልማዱም የወሎ ብቻ አይደለም። በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ልጅ ተፈሪ መኮንን የተወለዱባት የሐረርጌዋ ኤጀርሳ ጎሮ የምትጠራው በወይራ ነው፤ ኤጀርሳ በኦሮምኛ ወይራ ማለት ነውና። የንጉሠ ነገሥት ትውልድ ቦታ ከዛፍ ስሟን ስትወስድ ማንም አልተከራከረባትም፤ ኮምቦልቻም ከአጣጥ ስሟን ብትወስድ ምን ይጎድልባታል?