ከመድኀኒት በኋላ ስለሚመጣ የአንጀት ሕመም

ከዋግም ሆነ ከሌላው ደጋ አገር ተወልዳችሁ ዛሬ በከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ የምትገኙ አንባቢዎች፤ ወላጆቻችሁ ኮሶ የሚጠጡበትን ቀን ሳታስታውሱት አትቀሩም። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያን ቀን ከቤቱ አይወጣም፤ ጌታውም ቢሆን ሥራ አያዘውም ነበር። የሰቆጣ ዙሪያ ሽማግሌ ኮሶውን በልክ የሚያስጠጣው፣ ትሉን የሚያስወጣው መድኀኒት ልኩን ካለፈ ሰውየውንም እንደሚጎዳ ስለሚያውቅ ነው። እኛ ግን መድኀኒቱ በካፕሱል ተሸፍኖ ስለ መጣልን ይህን ፍርሀት ትተነዋል።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ዓመተ ምሕረት በሎንዶን ፔኒሲሊንን ካገኘ ወዲህ፣ አንቲባዮቲክ የሚባሉት መድኀኒቶች ከሞት ያዳኑት ሕዝብ ተቈጥሮ አያልቅም። ዳሩ ግን አብሯቸው የሚመጣውን ሕመም ለማወቅ ብዙ ዘመን ፈጀ። በ1935 ሆልና ኦቱል የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች በአራስ ሕፃናት ዐይነ ምድር ውስጥ አንድ ረቂቅ ተሕዋስ አገኙ፤ በቤተ ሙከራ ለማሳደግ አስቸጋሪ ስለ ነበረም በላቲን ቋንቋ «አስቸጋሪው» ብለው ሰየሙት። ዛሬ ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል ይባላል። ሕፃናቱ ግን ጤነኞች ነበሩ። በ1970ዎቹ ክሊንዳማይሲን የተባለውን መድኀኒት የወሰዱ ሕሙማን በብርቱ ተቅማጥ ሲሠቃዩ ታዩ፤ በ1978 ጆን ባርትሌትና ጓደኞቹ የዚህ ተቅማጥ ምክንያት ያው የሕፃናቱ ተሕዋስ የሚያመነጨው መርዝ መሆኑን አስረዱ። ከመገኘቱ እስከ መታወቁ 43 ዓመት አለፈ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንጀታችን ውስጥ ለቍጥር የሚያዳግቱ ደግ ተሕዋስያን ይኖራሉ፤ ቦታውንም ስለ ያዙት ክፉው አይስፋፋም። አንቲባዮቲክ ግን ዐራሚ አይደለም፤ አረሙንም ሰብሉንም አንድነት ይነቅላል። ባዶ በቀረው ማሳ ላይ ይህ ተሕዋስ ይበቅላል። ሕመሙ መድኀኒቱ እየተወሰደ ሳለ ወይም ካለቀ ከሳምንታት በኋላ ሊጀምር ይችላል፤ ይልቁንም ሽማግሌዎችንና ሆስፒታል የተኙትን ይበረታባቸዋል። ትልቁን አንጀት አቍስሎ እስከ ሞት የሚያደርስበት ጊዜ አለ።

ይህን ስል በዋግ ኽምራ ለትራኮማ ሲታደል የቆየውን አዚትሮማይሲን ለመንቀፍ አይደለም። እርሱ በጤና ሠራተኛ እጅ፣ በቁመት ተለክቶ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰጥ ነው። በ2006 በጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ በተጀመረው ጥናት መድኀኒቱ በታደለባቸው ቀበሌዎች የሕፃናት ሞት ቀንሶ ተገኝቷል፤ በዚያው ጥናት ግን በሕፃናቱ አፍንጫ ውስጥ መድኀኒቱን የሚቋቋሙ ተሕዋስያን በዝተው ታይተዋል። ተለክቶ የተሰጠው እንኳ ያለ ዋጋ አልሆነም።

እኔ የምፈራው ሌላውን ነው። ከመካከላችን ከራሱ ሕመም የተረፈውን ካፕሱል በወረቀት ጠቅልሎ፣ ወደ ሰቆጣ ለሚሄድ መንገደኛ አስይዞ ለእናቱ ያልላከ ስንቱ ነው? በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። እናቲቱ ለጉንፋን ትውጠዋለች፤ ጉንፋን ግን በአንቲባዮቲክ አይድንም። በሁለተኛው ሳምንት በቀን ሦስት አራት ጊዜ የሚያስቀምጥ ቀጭን ተቅማጥ፣ ቁርጠትና ትኩሳት ይጀምራታል። ልጅየውም ይህን ሲሰማ ለተቅማጡ ሌላ አንቲባዮቲክ ይልካል!

የተለመደው የዐይነ ምድር ምርመራ በማይክሮስኮፕ አሜባና ጃርዲያን የሚፈልግ ስለ ሆነ ይህን መርዝ አያሳይም። ስለዚህ ሐኪሙ ሊደርስበት የሚችለው በሽተኛይቱ ባለፉት ሦስት ወራት ምን እንደ ዋጠች ሲነገረው ነው። ያን ጊዜ ምክንያት የሆነውን መድኀኒት ቢቻል ያስቆማል፤ ለሕመሙ የተለየውንም፣ በአፍ የሚወሰደውን ቫንኮማይሲን የመሰለውን ያዛል። አስታማሚዎቿም እጃቸውን በሳሙናና በውኃ ሊታጠቡ ይገባል፤ የተሕዋሱ ዘር በደረቅ ቦታ ለወራት የሚቆይ ሲሆን አልኮል አይገድለውም።