ወፏ የተናገረችው፦ አውጫጭኝና የመንደር ምሥጢር

«ማን ገደለው?» የሚለው ጥያቄ በዓለም ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ራሱን የቻለ የድርሰት ዘርፍ አስገኝቷል። አሜሪካዊው ኤድጋር አላን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841፣ ከእርሱም በኋላ አርተር ኮናን ዶይል በ1887 ባወጧቸው ልብ ወለዶች ለጥያቄው መልስ የሚያገኝለት አንድ ብልህ ሰው ነው። ይህ ሰው ከውጭ ይመጣል፤ ዱካ ያጠናል፤ የአንዱን ቃል ከሌላው ያስተያያል፤ በመጨረሻም ገዳዩን ያጋልጣል። በእኛ ደጋ አገር ግን መርማሪው መንደሩ ራሱ ነበር፤ ተመርማሪውም ያው መንደሩ። ይህ ሥርዓት አውጫጭኝ ይባላል፤ በሌላ ስሙም አፈርሳታ።

ስለ አውጫጭኝ የሕግ ታሪክ ጸሐፊዎች በየጊዜው አውስተዋል። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ገዳይን ፈልጎ ሲያወጣ ምን ሌላ ነገር አብሮ ያወጣ እንደነበር፣ መንደሩም ለዚህ ምን ዋጋ ይከፍል እንደነበር በኪነ ጥበብ ሰው ዓይን ብዙም አልታየም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ለመመርመር ነው።

የምስክር አገር

ከደብረ ታቦር ወዲያ የተዘረጋው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር በጥልቅ ሸለቆ የተከፋፈለ አገር ነው። በሊቃውንት ዘንድ ስሙ ገንኖ የሚጠራው በቤተ ልሔም ነው። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የያሬድን ድጓ የዘለቀ ተማሪ ወደዚያ ይሄድና «ያስመሰክራል»፤ ይኸውም የተማረውን በሚያውቁ ሊቃውንት ፊት ያሰማል፤ ከሳተም ይታረማል። ስለዚህ በዚህ አገር «ምስክር» የሚለው ቃል ክብደት አለው። ሰው ያወቀውን በሌሎች ፊት ቆሞ ካልተናገረ ዕውቀቱ አልጸናም ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓክነም የተባለ ወጣት ተጓዥ ከብሪታንያ መጥቶ ወደዚህች ደብር ደርሶ ነበር። ከውጭ ያየው እንደ ብዙዎቹ የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ክብ ሆኖ በሣር የተከደነ ቤት ነው። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን በክቡ ቤት ተሸፍኖ የቆመ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አገኘ። ታሪኩንም በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ለዓለም አሰማ። ለውጭው አንባቢ ይህ ታላቅ ግኝት ነበር፤ ለደብሩ ካህናት ግን ዘወትር የሚቀድሱበት መቅደሳቸው ነው። የመንደር ምሥጢርም ጠባዩ ይኸው ነው፤ ባለአገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለእንግዳ ግን አይነገርም። አውጫጭኝ የተመሠረተው በዚህ ዕውቀት ላይ ነው።

ሸንጎው

አንድ ሰው ሌሊት በመንገድ ላይ ተገድሎ ይገኛል እንበል። ገዳዩ አልታወቀም። የሟች ወገን ደሙን ለመመለስ ጦሩን ይወለውላል፤ ነገር ግን በማን ላይ ያነሣዋል? በጥርጣሬ አንዱን ቢገድል ሌላ ደም ይፈሳል፤ ደም ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ዕዳ ነው። እንግዲህ የአውጫጭኝ የመጀመሪያው ጥቅም ይህን የጭፍን በቀል እጅ መያዝ ነበር።

አሠራሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው። ሹሙ ያዝዛል፤ የአካባቢው ሕዝብ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። ከተሰብሳቢው መካከል ሽማግሎች ይመረጣሉ። እያንዳንዱም በመሐላ ያየውን፣ የሰማውንና የጠረጠረውን ይጠየቃል። ካህኑ በግዝት ካስጠነቀቀ ደግሞ የደበቀ ሰው ከሹሙ ቁጣ ይልቅ የነፍሱን ኩነኔ ይፈራል። ወንጀለኛው ካልተገኘ ሸንጎው በቀላሉ አይበተንም፤ ማሳው ሳይታረስ፣ አዝመራው ሳይሰበሰብ ቀን ይገፋል። በመጨረሻ ባይገኝ ካሳው በነዋሪው ሁሉ ላይ ይከፋፈላል። በዚህ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ያው ድኻው አራሽ ነው።

ይህ የጋራ ዕዳ የሥርዓቱ ሞተር ነበር። «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ዝም የሚል ሰው የዝምታውን ዋጋ ከጎተራው ይከፍላል።

ከገዳዩ በፊት የሚወጡት

አውጫጭኝ የሚለውን ስም የሰማ ሁሉ «ማውጣት» የሚለውን ግስ በውስጡ ያዳምጣል፤ አንዱ ከሌላው ሆድ ነገር ያወጣል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ግን የብቅሉን ሥራ የሚሠራው መሐላ ነው። ታዲያ የሚወጣው የገዳዩ ስም ብቻ ሊሆን ይችላልን?

ሸንጎውን በዓይነ ኅሊናችን እንመልከተው። «በዚያች ሌሊት የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ ለሁሉም ይቀርባል። አንዱ ከቤቱ ወጥቶ አድሯል፤ ነገር ግን ያደረው በጎረቤቱ ሚስት ዘንድ ነው። እውነቱን ቢናገር ከነፍስ ግድያ ይነጻና በሌላ ነገር ደመኛ ያፈራል። ሌላው በጨለማ የወጣው የወንድሙን የእርሻ ድንበር ለመግፋት ነው። ሦስተኛው የጠፋውን በሬ ማን እንደነዳው ያውቃል፤ ሌባው ግን አበልጁ ነው። አንዲት ባልቴት ጩኸት ሰምታለች፤ በሯን ግን አልከፈተችም። የእርሷ ምሥጢር ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ወንጀል አይደለም፤ ፍርሃት ነው።

አንዱን ገዳይ ለማግኘት የመንደሩ ንጹሓን ሁሉ ልብሳቸው ይገፈፋል። በሬ ከአራጁ ይውላል እንደሚባለው፣ ሟቹ ከገዳዩ ጋር በአንድ ማኅበር ጠጥቶ፣ በአንድ ደቦ አርሶ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ሸንጎው ሲበተንም ሁሉም ወደዚያው ደቦና ወደዚያው ማኅበር ይመለሳል፤ አሁን ግን ስለ ጎረቤቱ ከትናንቱ የበለጠ ያውቃል።

ወፍ

አበው ይህን አደጋ ሳያስተውሉት አልቀሩም። መፍትሔ ብለው ያበጁት «ወፍ» የተባለውን ዘዴ ነው። የሚያውቀውን በአደባባይ ለመናገር የሚፈራ ሰው ለሽማግሎቹ በስውር ይነግራል፤ ስሙ አይገለጥም፤ ወሬውን ያመጣችው «ወፍ» ትባላለች። ዛሬ በጨዋታ «ወፍ ነገረችኝ» ስንል የምንሰማው የዚያን ሸንጎ ማሚቶ ሳይሆን አይቀርም።

ወፏ ሁለት ክንፍ ነበራት። በአንዱ እውነትን ከበቀል ታድናለች፤ በባለጸጋና በጉልበተኛ ላይ አፉን ሊከፍት የማይደፍረው ጭሰኛ በእርሷ ይናገራል። በሌላው ክንፏ ግን ሐሰትን ትሸከማለች። የቆየ ቂም፣ የርስት ክርክርና ቅናት ሁሉ የወፍ ድምፅ ሊያወጣ ይችላል። የተከሰሰው ሰው ወፍን መስቀለኛ ሊጠይቃት አይችልም።

ከዓለም ልማድ ጋር

የጋራ ዕዳ የእኛ ብቻ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ በሜዳ ቢገኝ ሽማግሎች እስከ ዙሪያው ከተሞች ያለውን ርቀት ይለካሉ፤ የቅርቢቱ ከተማ ሽማግሎችም በጊደር ላይ እጃቸውን ታጥበው ከደሙ ንጹሕ መሆናቸውን ይመሰክራሉ። እንግሊዝን የያዙት ኖርማኖችም ገዳዩ ካልተገኘ በአካባቢው ሕዝብ ላይ «ሙርድሩም» የተባለ መቀጫ ይጥሉ ነበር፤ ይህም የቀረው እ.ኤ.አ. በ1340 ነው። የመንግሥት ክንድ በማይደርስበት ዘመን መንደሩን ዋስ ማድረግ በብዙ አገር የተሞከረ ዘዴ ነበር።

በአገራችንም ሌላ መንገድ ነበረ፤ ሌባ ሻይ። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ልጁ እንደ ሰከረ ይሮጣል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ጥፋተኛ ይባላል። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር አውጫጭኝ በሰው ቃልና በሰው ማስተዋል ላይ የቆመ በመሆኑ ብልጫው ግልጽ ነው።

የደምን ጉዳይ ከወገን እጅ አውጥቶ በመንግሥት እጅ ለማድረግ ከቆረጡት አንዱ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በጥንቱ ልማድ ነፍሰ ገዳይ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ እነርሱም ወይ ይገድሉታል፣ ወይ ካሳ ይቀበላሉ። የብሪታንያ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1855 በጻፈው ሪፖርት ንጉሡ ይህን ልማድ እንደሻሩና ቅጣቱ በራሳቸው ሰዎች እጅ በአደባባይ እንዲፈጸም እንዳደረጉ ገልጿል።

ከዚያ በኋላ የመጣው በጽሑፍ የሠፈረ ሕግ ነው። ከ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቀጥሎ የወጣው የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራውን ለፖሊስ ሰጠ፤ ተጠርጣሪው መልስ እንዲሰጥ እንዳይገደድም ደነገገ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ የተከሰሰ ሰው የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት እንዳለው አረጋገጠ። በዚህ አንቀጽ ፊት ወፍ ልትቆም አትችልም። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ሕጉ ዝም የማለትን መብት ለተጠርጣሪው ሰጠ እንጂ መንደሩ ሁሉ ዝም ሲል ምን እንደሚደረግ ቀላል መልስ አላገኘለትም። በአማራው ገጠር ፍርድ ቤት ፍርዱን ከሰጠ በኋላም ሽማግሎች ደም ለማድረቅ የሚቀመጡት ስለዚህ ነው። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ሲዘጋ የጎረቤት መዝገብ አይዘጋም።

ለብዕርና ለመድረክ

ይህ ሁሉ ለደራሲና ለተዋናይ ምን ይነግረዋል? ስለ ነፍስ ግድያ የሚጽፍ ደራሲያችን የግድ ከባዕድ አገር ባለ ኮት መርማሪ መዋስ አያስፈልገውም። ሜዳው፣ ሽማግሎቹ፣ ግዝቱና ወፏ በገዛ ታሪካችን ውስጥ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። በአውጫጭኝ መድረክ ላይ ትልቁ ጥያቄ «ማን ገደለው?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ማን እያወቀ ዝም አለ? ስለ ምንስ ዝም አለ?» የሚለውም አለ። ለመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ሰው ይመልሳል፤ ለሁለተኛው ግን ተመልካቹ ራሱ ሳይቀር መልስ አለበት። ጩኸት ሰምታ በሯን ያልከፈተችው ባልቴት በየመንደሩ አለችና።