ዋስ የሌለው ገበያ

ቴሌግራም ላይ ጫማ ለመግዛት የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል። አንዱን ጫማ ሃያ ቻናል ለጥፎታል። ፎቶው አንድ ነው፣ ዋጋው ግን ሃያ ዓይነት። ሁሉም «ኦሪጅናል ነው» ይላል፣ ብዙዎቹም ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃሉ። መረጃ ሞልቶ ፈሷል፤ የጠፋው የሚታመን ሰው ነው። የሚጎዳው ደግሞ ብሩን የተበላው ገዢ ብቻ አይደለም። ሐቀኛው ነጋዴም ከአጭበርባሪው የሚለይበት ምልክት ስለሌለው ደንበኛ ያጣል።

ነገሩ አዲስ ይመስላል እንጂ አይደለም። በዓይን ከማያዩት ሰው ጋር መነገድ ነጋዴን ለዘመናት ሲያስጨንቅ ኖሯል። የቀደሙት እንዴት እንደተወጡት ማየት ይጠቅመናል።

በአሮጌዋ ካይሮ፣ ፉስጣጥ በምትባለው ከተማ፣ ቤን ዕዝራ የሚባል ምኩራብ አለ። በአይሁድ ልማድ የእግዚአብሔር ስም ሊኖርበት የሚችል ጽሑፍ እንዲሁ አይጣልም። ስለዚህ በምኩራቡ ክፍል ውስጥ አሮጌ ወረቀት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠራቀም ኖረ። በ1890ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሰለሞን ሼክተር የተባለ ምሁር አብዛኛውን ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ወሰደው። ከጸሎትና ከሕግ ጽሑፉ መካከል የ11ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴዎች ደብዳቤዎች ተገኙ።

ከእነዚህ ነጋዴዎች አንዱ ናህራይ ቤን ኒሲም ነው። ከዛሬዋ ቱኒዚያ መጥቶ ፉስጣጥ የከተመ ሰው ነበር፤ እሱን የሚመለከቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። የእነ ናህራይ ዕቃ በመርከብ ወደ ሲሲሊና ወደ ቱኒዚያ ይሄዳል። ደብዳቤ ለመድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ዕቃውን ተቀብሎ የሚሸጠው ሰው ባሕር ማዶ ነው። «ተበላሽቶ ደረሰ» ቢል ማን ያየዋል?

መፍትሔያቸው ሱህባ ይባል ነበር፤ በዐረብኛ ጓደኝነት ማለት ነው። እኔ ያንተን ዕቃ እዚህ እሸጥልሃለሁ፣ አንተ የእኔን እዚያ ትሸጥልኛለህ። ኮሚሽን የለም፤ ግንኙነቱ ግን ዓመታትን ይዘልቃል። ደብዳቤዎቹም የዋጋና የመርከብ ወሬ ብቻ አይደሉም፤ ማን አደራውን በደንብ እንደያዘ፣ ማን ሒሳብ እንዳዘገየ ይነገርባቸዋል። የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪው አቭነር ግራይፍ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት፣ አንዱን ነጋዴ ያታለለ ወኪል ከሌሎቹም ዘንድ ሥራ ያጣ እንደነበር ተከራክሯል። የተቃወሙት ተመራማሪዎች ደግሞ ፍርድ ቤትና የጽሑፍ ውልም ትልቅ ድርሻ ነበራቸው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ለእነዚያ ነጋዴዎች ስም ሀብት ነበር።

ከስድስት መቶ ዓመታት በኋላ ደግሞ ለንደንን እንይ። ከተማዋ በቡና መጠጫ ቤቶች ተሞልታ፣ እያንዳንዱ ቤት የወሬ መናኸሪያ ሆኖ ነበር። በ1680ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤድዋርድ ሎይድ የከፈተው ቤት ግን በአንድ ጉዳይ ታወቀ፤ በመርከብ። የትኛው መርከብ ወደብ ገባ፣ የትኛው ሰጠመ የሚለውን ለማወቅ የመርከብ ባለቤቶችና ኢንሹራንስ የሚሰጡ ነጋዴዎች እዚያ ይሰበሰቡ ጀመር። ዛሬ በዓለም የታወቀው የሎይድስ ኢንሹራንስ ገበያ መነሻው ያ ቡና ቤት ነው። ወሬማ በየቤቱ ነበር። ሎይድን የለየው ስለ አንድ ነገር የሚታመን ወሬ የሚገኝበት ቤት መሆኑ ነው።

የእኛም አገር ንግድ በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። እቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። እህል ነጋዴውም እንዲሁ ነው። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት የእህል ገበያውን አጥንተው ነበር። ጥናታቸው እንዳሳየው ክፍለ ሀገር ያለው ነጋዴ አዲስ አበባ ላይ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚገበያየው በሚያውቀው ደላላ በኩል ነው። ደላላን መስደብ ይቀናናል። የእህል ደላላው ግን ዕቃውን በዓይኑ አይቶ በስሙ የሚቆም ሰው ነበር።

ከዚያ ስልኩ መጣ። ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ1996 ገዢና ሻጭ ስለ እርስ በርሳቸው አስተያየት የሚጽፉበትን ዘዴ ሲጀምር፣ የማይተዋወቁ ሰዎችም ስም ሊኖራቸው እንደሚችል አሳየ። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2015 ቻናልን ሲያመጣ ግን ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። ሻጩ ለሺዎች ይናገራል፤ የተበላው ገዢ የሚናገርበት ቦታ የለውም። ኮሜንት ይዘጋል፣ ሰውየው ብሎክ ይደረጋል። የሰብስክራይበሩ ቁጥርም በብር ይገዛል። የፉስጣጥ ነጋዴ ስሙ ሲበላሽ ሌላ ስም አያገኝም ነበር፤ የዛሬው በአምስት ደቂቃ አዲስ ቻናል ይከፍታል።

ታዲያ ሐቀኛው ነጋዴ ምን ያድርግ? በእኔ እምነት መልሱ አብዝቶ መለጠፍ አይደለም። በስሙ ይውጣ፤ የሱቁን ቁጥርና ንግድ ፈቃዱን በግልጽ ያስቀምጥ። እንደ ሎይድ በሚያውቀው አንድ ዕቃ ይታወቅ። ዕቃ ሲዘገይ ወይም ሲበላሽ ደንበኛው ሳይጠይቀው አስቀድሞ ይናገር። ቅሬታ ሲመጣ አያጥፋው፤ እዚያው በሰው ፊት ይመልስ። ሰው የሚያምነው ጥፋት የሌለበትን ሻጭ ሳይሆን፣ ጥፋት ሲመጣ የማይጠፋውን ነው። ሃምሳ ደንበኛ «እሱን እኔ አውቀዋለሁ» ካለለት፣ ከሃምሳ ሺህ ሰብስክራይበር ይበልጣል።

ከነጋዴው ይልቅ ግን ጣቴን የምቀስረው ቻናል ባለን ሰዎች ላይ ነው። ዜናና ትንታኔ እየጻፍን ያፈራነውን አንባቢ፣ ለማናውቀው ሻጭ በአንድ ማስታወቂያ እናከራየዋለን። አንባቢው የሚገዛው ሻጩን አምኖ አይደለም፤ እኛን አምኖ ነው። እንግዲህ ያ ማስታወቂያ በተግባር ዋስትና ነው ማለት ነው። እቁብ ላይ ዋስ የሆነ ሰው፣ ባለ ዕጣው ሲጠፋ ከኪሱ ይከፍላል። ቻናል ላይ ዋስ የሆነው ግን ፖስቱን አጥፍቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ለማናውቀው ሰው መንደር ውስጥ ዋስ የማንሆን ከሆነ፣ እዚህም አንሁን።