የሚጻፍበት ሳጥን የት ገባ? ፎርም ስንሞላ ግራ የሚያጋባን ነገር

ስልካችሁ ላይ የሥራ ወይም የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ከፍታችኋል እንበል። ገጹ ነጭ ነው፣ ያምራል። ግን የቱ ጋ ነው የሚጻፈው? አንዱን ቦታ ነካ ስታደርጉ ኪቦርዱ አይመጣም። ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ትሞክራላችሁ፣ አሁንም የለም። ፀሐይ ላይ ከሆናችሁ ወይም ባትሪ ለመቆጠብ የስክሪኑን ብርሃን ከቀነሳችሁ ደግሞ ይብሳል። ብዙዎቻችን «እኔ ነኝ ያልገባኝ» ብለን እንተወዋለን። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የዲዛይኑ ነው። እንዴት? አብረን እንየው።

🔹 ሳጥኑ እንዴት ጠፋ?

ፎርም እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ኤችቲኤምኤል 2.0 ውስጥ ነበረ። የዚያን ጊዜ ብራውዘሮች የመጻፊያውን ቦታ ወደ ውስጥ የገባ ሳጥን አስመስለው ይስሉት ነበር። አያምርም፣ ግን «እዚህ ጻፍ» የሚል መሆኑ ለማንም ግልጽ ነበር።

በኋላ ጥላና ጠርዝ የሌለው «ፍላት» ዲዛይን ፋሽን ሆነ። ዊንዶውስ 8 በ2012፣ አይኦኤስ 7 በ2013 በዚሁ መንገድ መጡ። ጉግል በ2014 ማቴሪያል ዲዛይንን ሲያስተዋውቅ የመጻፊያው ሳጥን ቀርቶ ከሥሩ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ተተካ። ችግሩ፣ መስመር ገጽን በክፍል ለመለየትም ያገለግላል። ታዲያ የቱ መስመር መጻፊያ፣ የቱ ማካፈያ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ጉግል ራሱ ነገሩን 600 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ፈተሸው። ዙሪያውን የተከበበ ሳጥን ከመስመሩ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በ2018 መስመሩን ትቶ ውስጡ ቀለም ወዳለው ወይም ዙሪያው ወደተሰመረ ሳጥን ተመለሰ።

🔹 «ይታያል» ማለት ስንት ነው?

ይህ የግል ስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ቁጥር አለው። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊውስሪሲ በ2018 ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ 2.1 ላይ፣ ሳጥኑን ለመለየት የሚያስፈልገው ነገር (ለምሳሌ ጠርዙ) ከአጠገቡ ካለው ቀለም ጋር ቢያንስ 3 ለ 1 የኮንትራስት ልዩነት ሊኖረው ይገባል ይላል። ለተለመደ መጠን ጽሑፍ ደግሞ 4.5 ለ 1 ነው።

በነጭ ገጽ ላይ ሦስት ግራጫዎችን እናወዳድር፦
▪️ #999999፦ 2.85 ለ 1 ገደማ። ለጠርዝም አይበቃም።
▪️ #949494፦ ከ3 ለ 1 ትንሽ ከፍ ይላል። ለጠርዝ ይበቃል።
▪️ #767676፦ 4.54 ለ 1 ገደማ። ለጽሑፍም ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በዓይን መለየት ከባድ ነው። ስለዚህ በግምት ሳይሆን በኮንትራስት መለኪያ መፈተሽ ይሻላል። በነፃ የሚሠሩ ሞልተዋል።

🔹 ስንጽፍ የሚጠፋው ጽሑፍ

ሌላው ችግር ሳጥኑ ውስጥ በደብዛዛ ግራጫ የሚቀመጠው ፕሌስሆልደር ነው። እኛ አገር ፎርም «ስም»፣ «የአባት ስም»፣ «የአያት ስም» ብሎ ይጠይቃል። እነዚህ ሳጥኑ ውስጥ ብቻ ከተጻፉ የመጀመሪያዋን ፊደል ስትነኩ ይጠፋሉ። መጨረሻ ላይ «ስህተት አለ» ቢላችሁ የቱ ሳጥን የማን ስም እንደነበር ለማወቅ የጻፋችሁትን ማጥፋት ሊኖርባችሁ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ግራጫውን ጽሑፍ ሲያይ የተሞላ መስሎት ያልፈዋል። ከዚያ ማመልከቻው ሳይሟላ ይቀራል፣ ቀኑም ያልፋል።

🔹 ድረ ገጽ ለምትሠሩ

✅ ዙሪያው የሚታይ ጠርዝ ስጡት፤ መስመር ብቻውን አይበቃም።
✅ የሳጥኑን ስም ከላይ፣ ከሳጥኑ ውጭ፣ በቋሚነት ጻፉ። ፕሌስሆልደሩን ለምሳሌ ብቻ ተጠቀሙበት።
✅ ሳጥኑ ሲነካ ጠርዙ ወፈር ይበል ወይም ቀለሙ ይቀየር፤ ሰው የት እየጻፈ እንደሆነ ይወቅ።
✅ ስህተትን በቀይ ቀለም ብቻ አታሳዩ፣ በቃልም ጻፉት። ቀይ የማይለይ ዓይን አለ።
✅ የፊደሉ መጠን ከ16 ፒክስል አይነስ፤ ካነሰ አይፎን ላይ ሳፋሪ ገጹን በራሱ ያጎላዋል።
✅ ከመልቀቃችሁ በፊት በስልክ፣ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ሞክሩት።

🔹 ፎርም ለምትሞሉ

👉 ሳጥኑ ካልታያችሁ የሳጥኑን ስም ራሱን ንኩት። በደንብ የተሠራ ፎርም ከሆነ መጻፊያው ይከፈታል።
👉 አንዱን ከሞላችሁ በኋላ ኪቦርዱ ላይ ያለውን «ቀጣይ» ወይም ቀስት ተጫኑ፤ ቀጥሎ ወዳለው ሳጥን ይወስዳችኋል።
👉 ከመላካችሁ በፊት ወደ ላይ ተመልሳችሁ ባዶ የቀረ ካለ እዩ፣ ስክሪንሾትም ያዙ።

ፎርም ሞልታችሁ አልሄድ ሲላችሁ ወዲያው ራሳችሁን አትውቀሱ። ድረ ገጽ የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ላኩለት፤ አንድ ጠርዝ ማስመር ደቂቃም አይፈጅበትም።