ከፍየል ዝላይ እስከ ታክሲ

ግልገል ፍየል ጠግባ ስትቦርቅ ያየ ሰው ‹ኬፐር› የተባለውን የእንግሊዝኛ ግስ ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያሻውም።

ቃሉ በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ብቅ ያለ ሲሆን፣ ‹ካፕሪዮል› ከተባለው ዝላይ ስም አጥሮ የወጣ ይመስላል። ጣሊያኖች ‹ካፕሪዮላ› ይሉታል፤ ሥሩ የላቲኑ ‹ካፕራ› ነው፤ እንስት ፍየል ማለት። ሼክስፒርም በ‹ሪቻርድ ሣልሳዊ› ተውኔቱ መክፈቻ በ‹ኬፐር› ተጠቅሟል። በቪየናው የስፔን ፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት ነጫጭ የሊፒዛን ፈረሶች ዛሬም ካፕሪዮል ይዘላሉ፦ አራቱንም እግር ከመሬት አንስተው፣ አየር ላይ እንዳሉ በኋላ እግራቸው ይራገጣሉ።

የፍየሏ ነገር በዚህ አላበቃም። ፈረንሳዮች እየነጠረች የምትሄደውን ባለ ሁለት መንኮራኩር ቀላል ሠረገላ ‹ካብሪዮሌ› አሏት። ስሟ ለንደን ውስጥ ‹ካብ› ተብሎ አጠረ፤ ኋላም ለታክሲ ተረፈ።

በምግብ ላይ የሚነሰነሰው ኮምጣጣው ‹ኬፐር› ግን ዘመድ አይደለም፤ ስሙ ከግሪክ የመጣ የቁጥቋጦ እምቡጥ ነው።