የኮረንቲ ሽፋንና የሸክላ ድምፅ

በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድርያ አንድ ሽማግሌ ቤቱን ሲለቅ በሚያደርገው ያርድ ሴል ላይ፣ የቤት ማሞቂያ የሚመስል ሰፊና ቀጭን ነገር፣ ፊቱ በተበሳሳ ብረት የተሸፈነ፣ ታገኙ ይሆናል። ማሞቂያ ነው ብላችሁ አትለፉት። ምናልባት ኳድ የሚባለው የእንግሊዝ ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር ነው። ታሪኩንና እድሳቱን የማነሣው ጉዳዩ በየቤታችን ካለው ሸክላ ጋር ስለሚገናኝ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመኪናችንና በቴሌቪዥናችን ውስጥ ያለው የተለመደው ስፒከር አሠራሩን ያገኘው ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት የጄኔራል ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች በ1925 ካቀረቡት ጥናት ነው። ማግኔት ውስጥ የተቀመጠ የሽቦ ጥቅል የወረቀት ቀፎ ይገፋል፤ ቀፎውም አየሩን ይገፋል። ኬሎግ ግን በዚህ ብቻ አልረካም። ያለ ጥቅልና ያለ ቀፎ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ አስቦ በ1934 ፓተንት ተሰጠው። ያንን ፓተንት የሰጠው መሥሪያ ቤት ዛሬ የሚገኘው እዚሁ አሌክሳንድርያ ነው።

ሐሳቡን ለመረዳት ተማሪ ሳለን የሠራነውን እናስታውስ። ማበጠሪያ በፀጉር አሽተን ወደ ብጫቂ ወረቀት ስናስጠጋ ወረቀቱ ዘሎ ይጣበቃል። ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከርም የሚሠራው በዚሁ ኃይል ነው። ከፀጉር የቀጠነ የላስቲክ ሽፋን በሁለት የተበሳሱ ሳህኖች መካከል ተወጥሮ በከፍተኛ ቮልቴጅ ይሞላል። ሙዚቃው ወደ ሳህኖቹ ሲገባ አንዱ ሽፋኑን ይስባል፣ ሌላው ይገፋል። ሽፋኑ በሙሉ ገጹ ስለሚንቀሳቀስና ክብደቱ ከምንም ስለማይቆጠር፣ ድምፁ ሲጀምርም ሲያቆምም አይዘገይም።

ኬሎግ ያጣው ለዚህ የሚበቃ ስስና ጠንካራ ላስቲክ ነበር። ላስቲኩ ሲገኝ በአሜሪካ አርተር ጃንሰን በ1953 ፓተንት አገኘ። በእንግሊዝ ደግሞ ፒተር ዎከር የኳድን ስፒከር በ1957 ለገበያ አቀረበ። እስከ 1985 ድረስ ከ50,000 በላይ ተሠርቷል። ከበሮ ለማስጮህ አቅም ያንሰዋል፤ የሰውን ድምፅ ለማሰማት ግን ዛሬም ብዙ አዋቂዎች ተወዳዳሪ የለውም ይሉታል።

ታዲያ ለምን ይበላሻል? ለወፍራሙ ድምፅ 6,000፣ ለቀጭኑ 1,500 ቮልት ያህል የሚያመነጩት ክፍሎች ከዘመን ብዛት ይደክማሉ፤ ያን ጊዜ ስፒከሩ ድምፁ ይቀንሳል። ዎከር የሠራው ለ15 ዋት አምፕሊፋየር ነበርና፣ ከልክ በላይ ኃይለኛ አምፕሊፋየር ሲገጠምለት ብልጭታ ተነሥቶ ሽፋኑን ይበሳዋል። የአቧራ መከላከያው ከተቀደደ ደግሞ የተሞላው ሽፋን አቧራ ይስባል። አዳሹ ቮልቴጅ የሚያመነጩትን ክፍሎች ይለውጣል፤ ሳህኖቹን ከፍቶ አዲስ ላስቲክ ይወጥራል፤ በመጨረሻም በሙቀት ያጠብቀዋል። ከበሮ መቺ ቆዳው ሲረግብበት ፀሐይ ወይም እሳት እንደሚያሞቀው መሆኑ ነው። ይህን ግን ያልተማረ ሰው አይንካው። ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ አደገኛ ኮረንቲ ይቆያል።

ማደስ አንድ ነገር ነው፤ ማሻሻል ሌላ ነው። በ1970ዎቹ ማርክ ሌቪንሰን የተባለው አሜሪካዊ በየጎኑ ሁለት ሁለት ኳድ ደራርቦ፣ ለወፍራሙ ድምፅ ትልቅ ስፒከር ጨምሮ፣ ከዎከር የተለየ መሣሪያ አቁሟል። ሌሎች ስፒከሩን ከወለል ከፍ ያደርጉታል፤ ከቃጠሎ የሚጠብቅ መከላከያም ይገጥሙለታል። በእኔ አስተያየት መከላከያው ግዴታ ነው። ሌላው ግን ይቆይ፤ መጀመሪያ እንደ ጥንቱ ይታደስና ይደመጥ። ዋናውን ሳይሰሙ ማሻሻል ምን እንደጎደለ ሳያውቁ መጨመር ነውና።

ይህ ፍርድ ለሸክላዎቻችንም ይሠራል። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ፣ የመንግሥትን ብቸኛ የማሳተም መብት ተጋፍቶ፣ ዓለማየሁ እሸቴንና ማሕሙድ አሕመድን የመሳሰሉትን ድምፃውያን በሸክላ አሳተመ። በ1975 አገሩን ለቆ ወደ ዋሽንግተን መጣና እዚህ ምግብ ቤት ከፈተ፤ በ2021 ዐረፈ። በነዚያ ቅጂዎች ዘፋኙና ባንዱ አብረው ሆነው በጥቂት ማይክሮፎኖች ይቀዱ ነበር። ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚሰማውም ዘፋኙ ነው።

እኛ ግን እነዚህን ዘፈኖች የምናውቃቸው በአብዛኛው ከካሴት በተቀዳ ካሴት ነው። በተገለበጠ ቁጥር ሹክሹክታው ጨመረ፤ ቀጭኑ ድምፅ ሞተ። በዚያ ላይ ወፍራሙን ከፍ አድርገን በመኪና ሰማነው። ልጆቻችን «የድሮ ዘፈን ጥራት የለውም» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ከ1998 ጀምሮ ኢትዮፒክስ የተባሉት ሲዲዎች በፈረንሳይ ሲወጡ፣ ጥፋቱ የዘፋኞቹ እንዳልነበረ ብዙዎቻችን ገባን። ያረጀው ግልባጫችን ነበር። ደህና ሸክላ በታደሰ ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር ሲደመጥ ደግሞ ዘፋኙ ትንፋሹን ሲስብ እንኳ ይለያል።

ስለዚህ በምድር ቤታችሁ ሸክላ ያላችሁ፣ ከማሞቂያና ከእርጥበት አርቃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት እንጂ አትደራርቡት። በደነዘዘ መርፌ አታጫውቱት። ቤት ስትቀይሩም ከመጣላችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። የስፒከሩ ላስቲክ ዛሬም ተገዝቶ ይለወጣል። መርፌ የበላውን የሸክላ መስመር ግን የሚያድስ ባለሙያ የለም።